ከኮት ሥር ያለ ጥበቃ

የሚኒሶታ ብርድ ሰውን ከሰው የሚያገናኝበት የራሱ መላ አለው። ባለፈው ዊንተር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪዋ ሞቶ መኪናዬ አልነሣ ብላኝ፣ ክሪስታል በምትባለው ከተማ ወደሚገኝ ጋራዥ አስጎትቼ ሄድሁ። መካኒኩ ወረፋ እንዳለ ነግሮኝ ወደ መጠበቂያው ክፍል ብገባ፣ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ክርክሩ ከመጋሉ የተነሣ ክፍሉ ማሞቂያ የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር።

አንደኛው ጋሽ ጎንፋ ናቸው። ከወለጋ ተነሥተው በሱዳን በኩል በስደት እዚህ የገቡ፣ ጥቂት ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ የሠሩ፣ ጓደኞቻቸው "በዚህ ዕድሜህ?" እያሉ ሲስቁባቸው የፖሊስ አካዳሚ ገብተው የተመረቁ፣ ከዚያም ከሚኒያፖሊስ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዱ እስከ ጡረታቸው ድረስ በክብር ያገለገሉ ሰው ናቸው። ቁመታቸው በር ይሞላል። ሳቃቸውም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛዋ ፈነት ናት። በሕፃንነቷ ከአዳማ መጥታ እዚሁ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ኒው ሆፕ ከተማ ውስጥ በሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኪንደርጋርተን መምህርት የሆነች ወጣት ናት። እኔም የዚያው ትምህርት ቤት ነርስ ስለሆንሁ በየቀኑ እንገናኛለን። የጋሽ ጎንፋ የልጅ ልጅ ኢቢሴ በፈነት ክፍል ትማራለች። እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሳምንት አንዳንድ ቀን እየመጡ፣ ሕፃናቱ ለእረፍት ወደ በረዶው ሲወጡ ዚፕ መዝጋትና ቦት ጫማ ማልበስ ያግዛሉ።

"ሲስተር ትሕትና! እንኳን መጣሽ" አሉኝ ጋሽ ጎንፋ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። "ይቺን ልጅ አስረጂልኝ። እኔን አቅቶኛል።"

"ምን ተገኘ ጋሼ?"

"ማክሰኞ የወላጆች ስብሰባ አለ አይደል? እዚያ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ከወላጆቹ መካከል እንደ እኔ ሪታየር ያደረግን ፖሊሶች አለን። እነ ኤዶሳን የመሳሰሉ ገና በሥራ ላይ ያሉ፣ ግን ኦፍ ዲዩቲ ሲሆኑ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ፣ ልጆቻቸውን የሚያመጡም አሉ። እስከ ዛሬ ሽጉጤን መኪናው ውስጥ ቆልፌ ነው ወደ ትምህርት ቤቱ የምገባው። ትምህርት ቤቱ ይፍቀድልንና ከኮታችን ሥር ይዘን እንግባ ነው የምለው። ማንም አያየው፣ ማንንም አያስፈራ። ክፉ ቀን ከመጣ ግን ልጆቹ አጠገብ የሠለጠነ ሰው አለ። ይህ ምን ክፋት አለው?"

በዚህ ከተማ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው ሲነዳ ልቡ ወደ ኋላ የማይቀር ወላጅ የለም። ሕጉ ለማን ምን ይፈቅዳል የሚለውን ለጠበቆች እንተወው። ጋሽ ጎንፋ ያነሡት ጉዳይ ግን የሕግ ብቻ ሳይሆን የፍቅርም ጉዳይ ነው፤ በፍቅር የሚነሣ ሐሳብ ደግሞ በንቀት አይመለስም። ፈነትም ይህን የምታውቅ ልጅ ስለሆነች በትሕትና ጀመረች።

"ጋሼ፣ ሳይቆጡ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ሽጉጡ ክፍሌ ውስጥ መኖሩን እኔ አውቃለሁ?"

"አታውቂም። ጥቅሙ እሱ ላይ ነው። ክፉ ሰው ማን እንደያዘ ካላወቀ ይፈራል።"

"የማያውቁትን ነገር እንዴት ይፈሩታል? እርስዎ ኮት ለብሰው ዚፕ ሲዘጉ የሚያይ ሰው፣ የሚያየው ዚፕ የሚዘጉ ሽማግሌ ነው። ተደብቋልና ክፉውን አያስፈራውም። ተደብቋልና እኔም ልጠነቀቅለት አልችልም። ታዲያ መደበቁ የጠቀመው ማንን ነው?"

ጋሽ ጎንፋ ሳቅ አሉ። "ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው የሚያስተምራችሁ? ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።"

"መጠርጠርማ እጠረጥራለሁ፤ በሬን የምቆልፈው ለዚያ ነው።"

በዚህ ጊዜ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

"ስሚኝ ፈነት። ሰው ፖሊስ ከጠራበት ደቂቃ አንሥቶ ፖሊሱ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ እኔ አውቀዋለሁ። ሳይረን እያስጮህሁ፣ ቀይ መብራት እየጣስሁ፣ 'ደርሼ ይሆን?' እያልሁ ድራይቭ ያደረግሁበት ጊዜ ነው። ረዥም ነው። አንዳንዴ ደርሻለሁ፣ አንዳንዴ አልደረስሁም። ያልደረስሁበትን ቤት አሁንም በዚያ በኩል ሳልፍ አላየውም፤ ፊቴን አዞራለሁ። ስለዚህ ለኢቢሴ ከመንገድ ላይ ሳይሆን ከአጠገቧ ሆኜ ልድረስላት ብል ትፈርጂብኛለሽ?"

ይህ በቃላት የሚረታ ሐሳብ አልነበረም። ከሰውየው ዕድሜ ውስጥ የወጣ ነው።

"አልፈርድም" አለች ፈነት። "ግን እባክዎን አንዴ ይቁሙልኝ።"

ቆሙ። እሷም ጎንበስ ብላ እጇን በወገባቸው ቁመት፣ ከኮታቸው በስተቀኝ ዘረጋች። ጋሽ ጎንፋ ፈቃድ ስላላቸው በከተማው ሲዘዋወሩ ሽጉጡን የሚይዙት እዚያው ላይ ነው።

"ኢቢሴ ቁመቷ እዚህ ድረስ ነው" አለች። "የክፍሌ ልጆች ሁሉ እዚህ ድረስ ናቸው። ጠዋት ሲመጡ 'ጋሽ ጎንፋ!' ብለው ሮጠው ሲያቅፉዎ ፊታቸው የሚያርፈው የት ላይ ነው? እጃቸውስ የሚገባው የት ነው? ጎንበስ ብለው ዚፕ ሲዘጉ ኮትዎ ይገለጣል። የአምስት ዓመት ልጅ ያየውን ነገር ሳይነካ አያልፍም፤ የነካውን ደግሞ ይጎትታል።"

ጋሽ ጎንፋ ሳያስቡት ኮታቸውን ወደ ፊት ሰበሰቡ።

"የሽጉጡ አፎት ጥሩ ነው፤ ዝም ብሎ አይወጣም" አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ቤት ሲገቡስ የት ያስቀምጡታል?"

"ቁም ሣጥኑ ላይ። ከፍ ያለ ቦታ ነው።"

"ኢቢሴ ወንበር ላይ መውጣት ትችላለች?"

ጋሽ ጎንፋ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ትችላለች፤ ባለፈው ወር ብስኩት ፍለጋ ፍሪጁ ላይ ወጥታ ወድቃ ግንባሯን ያከምሁላት እኔ ነኝና አውቃለሁ። የሰማሁትን ሁሉ ሳመዛዝን ቆይቼ አሁን ጣልቃ ገባሁ።

"ጋሼ፣ በአገር ቤት ሽማግሌዎች ለእርቅ ከዛፍ ሥር ሲቀመጡ የመጣው ሰው መሣሪያውን የት ነበር የሚያኖረው?"

"ራቅ አድርጎ ያስደግፈዋል እንጂ ይዞ አይቀመጥም። ነውር ነው።"

"ለምን ነውር ሆነ?"

"የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ካልተማመነ እርቅ የለማ።" ይህን ብለው እኔንም ፈነትንም በየተራ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሁን ገባኝ፤ ሁለታችሁም ተባብራችሁብኛል! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያኔ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ አይታወቅም። አፋችሁ ይጣፍጣል፣ ልባችሁም ደግ ነው፤ ማክሰኞ ግን ሐሳቤን አቀርባለሁ።"

መካኒኩ ስማቸውን ጠራ። ሁለታችንንም ጨብጠውን ወጡ። ቂም የሚባል ነገር በፊታቸው ላይ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ብርዱ ድንገት ላላ። ፀሐይ ወጣችና ሳምንታት ሙሉ ጣሪያው ላይ የከረመው በረዶ መንጠባጠብ ጀመረ። ጋሽ ጎንፋ እንደ ልማዳቸው ሽጉጣቸውን መኪናው ውስጥ ቆልፈው መጥተው፣ በኮሪደሩ ላይ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው ሕፃናቱን ያለብሳሉ። እኔም ለአንዱ ልጅ የአስም መድኃኒቱን ላደርስ ወደዚያው መጥቼ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ከጂሙ፣ ከስፖርት አዳራሹ በኩል ሦስት አራት ጊዜ ተከታትሎ የፈነዳ ድምፅ ተሰማ። ብረት የመታ፣ ግድግዳውን ያንቀጠቀጠ ድምፅ ነበር። አንድ ሰው ከወዲያ ጮኸ። ወዲያው የፕሪንሲፓሏ ድምፅ በማጉያው መጣ፤ ሎክዳውን መሆኑን፣ ሁሉም በሩን ቆልፎ እንዲደበቅ ነገረችን። ይህ በልምምድ ጊዜ የምንሰማው የተረጋጋ ድምፅዋ አልነበረም።

ፈነት ልጆቹን እንደ ጫጩት ሰብስባ ወደ ክፍሏ አስገባች። እኔም ተከተልሁ። ጋሽ ጎንፋ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመው ወደ መውጫው በር፣ ወደ ፓርኪንጉ አዩ። ምን እንዳሰቡ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። መኪናቸው ከበሩ ሩቅ አልነበረም። አንድ እግራቸውን አነሡ።

"ጋሼ! በሩ!" አለች ፈነት ከውስጥ።

የክፍሉ በር ሊዘጋ አልቻለም ነበር። ስትስበው ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ይቆማል። ሁለታችንም ጎተትን፤ እምቢ አለ። ጋሽ ጎንፋ ፓርኪንጉን ትተው ተመለሱ። የሠለጠነ ዓይናቸውን ከላይ እስከ ታች አስኬዱና ጎንበስ ብለው፣ በማጠፊያው በኩል የተወሸቀ፣ በውሃ የራሰ ቀይ የልጅ ጓንት መንጭቀው አወጡ። ገቡና በሩን ዘጉት፤ ቆለፉት። መጋረጃውን ስበው፣ መብራቱን አጥፍተው ከበሩ ጎን በግድግዳው ተደግፈው ቆሙ።

ልጆቹ በወዲያኛው ጥግ ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ጎንፋ ከቆሙበት ሆነው በሹክሹክታ፣ "እዚህ ነኝ፤ በሩን ይዣለሁ። የያዝሁት በር ተከፍቶ አያውቅም" አሏት። ልቅሶው ወደ መንሰቅሰቅ ወረደ፣ ከዚያም ቆመ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ኋላ በኮሪደሩ ላይ ከባድ ኮቴ ተሰማ፤ ቁልፍ በበሩ ውስጥ ዞረ፤ በሩ ተበረገደ። ሁለት ፖሊሶች ረዥም መሣሪያ ይዘው ገቡ። ፊተኛው ገና ወጣት ነው፤ ጋሽ ጎንፋ ጡረታ ከወጡ በኋላ የተቀጠረ መሆን አለበት፣ አላወቃቸውም። ያየው በጨለማ ውስጥ፣ ከበሩ ጎን የቆመ፣ ጥቁር ኮት የለበሰ ግዙፍ ሰው ነው። አፈሙዙ ወደ ደረታቸው ዞረ።

"እጅህን! እጅህን አሳየኝ!"

ጋሽ ጎንፋ ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው፣ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አነሡ። ጓንቱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ወለሉ ላይ ጧ አለ። ወጣቱ ፖሊስ ባዶውን እጅ አየ፤ ጓንቱን አየ፤ ልጆቹን አየ። አፈሙዙ ወደ ወለሉ ዝቅ አለ።

ነገሩ ኋላ ሲጣራ፣ የፈነዳው በረዶ ነበር። ከጂሙ ጣሪያ ላይ ግግር ግግር ሆኖ ተንሸራትቶ ከሥር ባለው ትልቁ የብረት ቆሻሻ መጣያ ላይ ወድቆ ነው። ማንም አልተጎዳም። ሕፃናቱ ከሰዓት በኋላ በዚያው በረዶ ላይ ሲንከባለሉ ዋሉ።

ጋሽ ጎንፋ ግን ወደ ክሊኒኬ መጡና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ ከፍ ብሏል። ውሃ ሰጠኋቸው። ፈነት ክፍሏን ለረዳቷ ትታ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። "አላልሁዎትም?" ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። አላለችም።

"አካዳሚ ስንገባ መጀመሪያ ያስተማሩን" አሉ፣ ብርጭቆውን በእጃቸው እያዞሩ፣ "ፊት አትዩ፣ እጅ እዩ የሚለውን ነው። ፊት ይዋሻል፤ የሚጎዳችሁ እጅ ነው ብለው ነው። ያ ልጅ ሽበቴን አላየም። ያገለገልሁበትን ዘመን አላየም። እጄን ነው ያየው። በደንብ የሠለጠነ ፖሊስ ነው፤ አልቀየምሁትም። እኔስ በእሱ ቦታ ብሆን? በጨለማ ክፍል፣ ከሕፃናት አጠገብ፣ ሽጉጥ የያዘ የማላውቀው ሰው ባይ?" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "እተኩስ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ እተኩስ ነበር።"

"ጋሼ..." አለች ፈነት።

"ቆይ፣ ልጨርስ። በዚህ ከተማ ጥቁር ሰው ሽጉጥ በእጁ ይዞ 'እኔም እኮ ፖሊስ ነበርሁ' ብሎ ለማስረዳት ስንት ጊዜ የሚሰጠው ይመስላችኋል? ኢቢሴ እያየች! እኔ ልጠብቃት ብዬ፣ ሞቴን ላሳያት ነበር። ደግሞ ሌላም አለ። ወደ መኪናው ብሄድ ኖሮ ያንን በር ማን ይዘጋው ነበር?"

"ማንም" አለች ፈነት። "እኔና ሲስተር ጓንቱን አላየነውም። እኛ የምናየው በር ነው፤ እርስዎ የሚያዩት በሩ ለምን እንዳልተዘጋ ነው። ጋሼ፣ ቅዳሜም ቢሆን ጥበቃ አያስፈልግም አላልሁም። የማይታወቅ ጥበቃ ይቅርብን ነው ያልሁት። ሽጉጡ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እርስዎ ግን ብዙ ያውቃሉ።"

"ለምሳሌ?"

"የትኛው በር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው መስኮት እንደማይቆለፍ፣ የደነገጠ ልጅ እንዴት እንደሚረጋጋ። ከልጆቹ መካከል ዝም ያለውን፣ ብቻውን የሚቀመጠውን፣ የተቆጣውን ቀድሞ ማየት። ብዙ ክፉ ነገር እኮ የሚመጣው ሰው ሳያየው ከቆየ ልብ ነው።"

ጋሽ ጎንፋ እጅጌያቸውን ጠቀለሉና፣ "ሲስተር፣ እስቲ ድገሚና ለኪው። የወረደልኝ ይመስለኛል" አሉ። እውነትም ወርዶ ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ወላጆች ካፊቴሪያው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሰኞው ድንጋጤ ገና ከሰው ፊት ላይ አልለቀቀም። ጋሽ ጎንፋ ሲነሡ ኤዶሳ ደስ አለው፤ የሁለት ልጆች አባት የሆነ በሥራ ላይ ያለ ወጣት ፖሊስ ነው፣ ሐሳቡንም አብረው ነበር የመከሩት። እሳቸው ግን የተናገሩት ሌላ ነው። ትናንት የሆነውን ሳይቀንሱ፣ ሳይጨምሩ ተረኩ። አፈሙዙ ደረታቸው ላይ የነበረበትን ቅጽበት ሲናገሩ ከኋላ አንዲት እናት "ውይ!" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ስለዚህ ሐሳቤን ቼንጅ አድርጌአለሁ" አሉ። "በዚህ ዕድሜ ሐሳብ መቀየር ከባድ ነው፤ ዋጋው ግን ካለመቀየሩ ይረክሳል።"

ኤዶሳ ተነሣ። አክብሮቱን ሳያጓድል፣ ግን ፊቱ ጠቁሮ፣ "ጋሼ፣ ትናንት በረዶ ነበር። ነገ እውነተኛው ሰው ቢመጣስ? እርስዎ ባዶ እጅዎን ሆነው ምን ያደርጋሉ?" አለ።

በዚያ የነበርን ሁሉ በልባችን የያዝነው ጥያቄ ነበር።

"አምላክ አያምጣው" አሉ ጋሽ ጎንፋ። "ከመጣ ግን አንተ ዩኒፎርምህን ለብሰህ፣ ጓደኞችህን ይዘህ ትመጣለህ። እኔ በሩን ቆልፌ እጠብቅሃለሁ። ስትገባ እጄ ላይ ምንም አታይም። እኔ ማን እንደሆንሁ ለማወቅ የምታጠፋት ያቺ ሴኮንድ፣ ለልጆችህ ትተርፋለች።"

ኤዶሳ ራሱን ነቀነቀና "እውነት ነው" አለ። "ስልጠና ላይም እኮ ይህንኑ ነው የሚሉን" ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ጋሽ ጎንፋንና ኤዶሳን ይዞ በሮቹን አንድ በአንድ አስፈተሸ፤ የማይዘጉት ተሠሩ። ከፖሊስ ጣቢያው ጋርም ተነጋግሮ ሕንፃውን የሚያውቅ፣ መምህራኑም ፊቱን የሚያውቁት ዩኒፎርም የለበሰ አንድ ፖሊስ አስመደበ። በፈቃዳቸው የሚመጡት ጡረተኞችና ኦፍ ዲዩቲ ፖሊሶች ስማቸው በደማቁ የተጻፈበት ሰደርያ ለብሰው፣ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፤ የእኔን ክሊኒክም፣ የእያንዳንዱን ክፍል መውጫም ያውቃሉ። ጋሽ ጎንፋ በቤታቸው መቆለፊያ ያለው የብረት ሣጥን ገዝተዋል። በዚህም አልተወሰኑም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ደጃፍ ላይ የሚያገኟቸውን መሣሪያ ያላቸውን ወላጆች ሁሉ፣ "የት ነው የምታስቀምጠው? ቁልፉስ ማን ጋ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሣጥን የገዙት ቤተሰቦች በርክተዋል።

ክፉ ሰው ከዚህ ዓለም ጠፍቷል ብዬ ለማንም አልዋሽም። ያተረፍነው ግን ብዙ ነው። መምህራኑ ከማን ጋር እንዳሉ ያውቃሉ። ፖሊስ ሲጠራ የሚገባበትን ቤት ያውቃል። ወላጅ ልጁን አውርዶ ወደ ሥራው ሲነዳ ልቡ ሁሉ ወደ ኋላ አይቀርም፤ ትንሽ ይከተለዋል። ልጆቻችንም የሚጠብቃቸውን ሰው ያዩታል፤ በስሙም ይጠሩታል።